የትልቁ አንጀት ካንሰር ኦፕራሲዮን፦ በካሜራ፣ በሮቦት ወይስ ሆድ ተከፍቶ? ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሥራዬ አስተርጓሚነት ነው። አሜሪካ ውስጥ በሐኪምና በሐበሻ ታካሚ መሃል ቆሜ የአንዱን ለአንዱ አደርሳለሁ። ሐኪም አይደለሁም። ግን ትልቁ አንጀታቸው ላይ ካንሰር ተገኝቶ ለኦፕራሲዮን የሚዘጋጁ ሰዎች ምን እንደሚጠይቁ በቃሌ ይዤዋለሁ። ምርመራ ክፍል ውስጥ ከራሴ አንድ ቃል መጨመር አይፈቀድልኝም። እዚህ ግን ማን ይከለክለኛል? ያልገባኝን ሰርጅኖቹን እያስቸገርኩ ጠይቄ፣ የቀረውን አንብቤ ያሰባሰብኩት ነው። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

"አነስተኛ ቀዶ ጥገና ነው" ሲሉኝ ኦፕራሲዮኑ ቀላል ነው ማለት ነው?

አይደለም። በዚህ ጉዳይ እኔም ጥፋት አለብኝ። ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ሰርጅኑ የተናገረውን "አነስተኛ ቀዶ ጥገና" ብዬ ተረጎምኩት። የታካሚው ልጅ ፊቱ በራ። "እሰይ! እንግዲያው አባዬ ሰኞ ሥራ ይገባል" አለ። አባትየው ታክሲ ነጂ ናቸው። ሰርጅኑ ምን እንዳስደሰታቸው ግራ ገብቶት እኔን ያየኛል። ከዚያ ቀን ወዲህ "ቀዳዳው ትንሽ የሆነ ትልቅ ኦፕራሲዮን" ነው የምለው። ይረዝማል፤ ግን እውነቱ እሱ ነው።

ውስጥ የሚሠራው ሥራ በሁሉም መንገድ ያው ነው። ዕጢው ያለበት የአንጀት ክፍል ግራና ቀኙ ካለው ጤነኛ አንጀት ጋር ተቆርጦ ይወጣል። ወደዚያ ደም የሚወስዱት ሥሮች ከመነሻቸው ይታሰራሉ። አንጀቱን የያዘው ስብም በውስጡ ካሉት ንፍፊቶች ጋር አብሮ ይወጣል። ከዚያ ሁለቱ ጫፎች ይጋጠማሉ። የወጣው አንጀት ወደ ፓቶሎጂ (ናሙና በማይክሮስኮፕ ወደሚመረመርበት ክፍል) ይሄድና ቢያንስ 12 ንፍፊት ተፈልጎ ይመረመራል። ካንሰሩ ንፍፊት ውስጥ ገብቷል ወይስ አልገባም የሚለው ነው ቀጥሎ ኬሞ (የካንሰር መድኃኒት ሕክምና) ያስፈልጋል አያስፈልግም የሚያሰኘው። የሚለያየው እዚያ ድረስ የተገባበት በር ነው።

ስንት ዓይነት መንገድ አለ?

የቀድሞው መንገድ ሆድን መሃል ለመሃል ረዘም አድርጎ መክፈት ነው። ሰርጅኑ በዓይኑ ያያል፣ በእጁ ይዳስሳል።

ላፓራስኮፒ የሚባለው በካሜራ የሚሠራው ነው። ሆድ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋል፤ እንደ ድንኳን ከፍ ይላል። ከ3 እስከ 5 ቀዳዳ ይበሳል፣ የእያንዳንዱ ስፋት ከ5 እስከ 12 ሚሊሜትር ነው። በአንዱ ካሜራ፣ በሌሎቹ ረጃጅም መሣሪያዎች ይገባሉ። ሰርጅኑ ከታካሚው አጠገብ ቆሞ፣ ዓይኑን ስክሪን ላይ ተክሎ ይሠራል። ለትልቅ አንጀት ይህን መጠቀም የተጀመረው በ1990ዎቹ መጀመሪያ ነው።

ሮቦት የላፓራስኮፒ ታናሽ ወንድም ነው። ሆድ ይነፋል፣ ቀዳዳ ይበሳል፣ ካሜራ ይገባል። መሣሪያዎቹን የሚይዘው ግን የማሽን ክንድ ነው።

ከእነዚህ ሌላ እጅ የሚያስገባ አንድ ሰፋ ያለ ቀዳዳ የሚጨመርበት ዘዴ አለ። ሁሉም ነገር በእምብርት በኩል በአንድ ቀዳዳ የሚገባበትም አለ። ይኛው ጠባሳው አይታይም፤ ግን መሣሪያዎቹ እርስ በርስ ስለሚጋጩ ሰርጅኑን ያደክማል። ታካሚ ተነስቶ "በአንድ ቀዳዳ ካልሆነ" ብሎ የሚሟገትበት ምክንያት አይታየኝም።

ካንሰር ቢላ ከነካው ይሰራጫል ይባላል። እውነት ነው?

ይህን ያልጠየቀ ቤተሰብ የለም ማለት ይቻላል። አንዳንዱ በግልጽ ይጠይቃል። አንዳንዱ ሐኪሙ እስኪወጣ ጠብቆ በጆሮዬ ሹክ ይለኛል፦ "እገሌ ደህና ነበር እኮ፣ ከፈቱትና ሞተ።" ወሬው ከየት እንደመጣ መገመት አይከብድም። አገር ቤት ብዙ ሰው ሐኪም ቤት የሚሄደው ነገሩ ካለፈ በኋላ ነው። ሲከፈት በሽታው ጉበት ደርሶ ይገኛል። ከዚያ የሞቱ ሰበብ በቢላው ይላከካል።

የሚገርመው፣ ሐኪሞቹ ራሳቸው አንድ ሰሞን የዚህ ዓይነት ፍርሃት ይዟቸው ነበር። የካሜራው ዘዴ እንደተጀመረ ካንሰሩ መሣሪያ በገባባቸው ቀዳዳዎች ላይ እንደገና የበቀለባቸው ታካሚዎች ታዩ። ጋዙ ይሆን የበተነው? አወጣጡ ይሆን? ብዙዎቹ ደነገጡ። አሜሪካ ውስጥ ለካንሰር ካሜራ የሚጠቀም ሰርጅን በጥናት ሥር ብቻ እንዲያደርገው ተባለ።

የጥናቱ ውጤት በ2004 ወጣ። በአሜሪካና በካናዳ 48 ተቋማት ውስጥ 872 ታካሚዎች በዕጣ ለሁለት ተከፈሉ፤ ግማሹ በካሜራ፣ ግማሹ ሆድ ተከፍቶ። ከ3 ዓመት በኋላ በካሜራ ከተሠራላቸው 86 በመቶው፣ ከተከፈቱት 85 በመቶው በሕይወት ነበሩ። ካንሰሩ የተመለሰባቸው 16 እና 18 በመቶ ናቸው። ልዩነት የለውም ማለት ነው። ቁስሉ ላይ የበቀለባቸው በሁለቱም ወገን ከ1 በመቶ በታች ሆኑ። በካሜራ የተሠራላቸው ሆስፒታል የቆዩት 5 ቀን፣ የተከፈቱት 6 ቀን ነው። ኦፕራሲዮኑ ግን በካሜራ ረዘም ይላል፤ 150 ደቂቃ በ95።

አንድ ቀን ናት ልዩነቷ? አዎ። ግን የሕመም ማስታገሻው ያነሰ ነው፣ ቁስሉ የማመርቀዝ ዕድሉ ዝቅ ይላል፣ ቶሎ ተነስቶ መሄድ ይቻላል። ዕድሜ የገፋ ሰው ለሚያስታምም ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ቀዳዳው ይህን ያህል ትንሽ ከሆነ የተቆረጠው አንጀት በየት በኩል ይወጣል?

ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ብዙ ሰው የሚገርመው ከኦፕራሲዮን በኋላ ነው። "በካሜራ ብቻ ነው ብላችሁኝ ይሄ ስፌት ምንድን ነው?" ይላሉ። አንዱ ቀዳዳ ይሰፋል ወይም አዲስ ይከፈታል፤ በግምት ከ4 እስከ 7 ሴንቲሜትር፣ እንደ ዕጢው ትልቅነት። እምብርት ዙሪያ ሊሆን ይችላል፤ ወይም ከብልት በላይ አግድም፣ በቀዶ ጥገና እንደሚወልዱ እናቶች ስፌት ዓይነት። ከመውጣቱ በፊት ቀዳዳው በፕላስቲክ መከላከያ ይሸፈናል፤ ካንሰሩ የቁስሉን ጠርዝ እንዳይነካው። የዚያ የድሮው ፍርሃት ትምህርት ነው ይህ።

የት በኩል እንደሚወጣ መጠየቅ ዋጋ አለው። ከታች አግድም የሚከፈተው መሃል ላይ ከሚከፈተው ይልቅ ለወደፊቱ በስፌቱ በኩል ቡአ የማውጣት ዕድሉ ያነሰ ነው።

ሮቦቱ ብቻውን ነው የሚሠራው? ይሻላል?

ብቻውን ምንም አያደርግም። ሰርጅኑ እዚያው ክፍል ውስጥ፣ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ከማሽኑ ፊት ይቀመጣል። ጣቶቹን ያንቀሳቅሳል፤ ክንዶቹ ይታዘዙታል። አንድ አዛውንት ይህ ሲነገራቸው "እንግዲህ መብራት እንዳይጠፋ ነው!" አሉ። ሳቅን፤ ግን ማሽኑ የራሱ መጠባበቂያ ባትሪ አለው።

ዳ ቪንቺ የተባለው ሮቦት አሜሪካ ውስጥ ለሆድ ኦፕራሲዮን የተፈቀደው በ2000 ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። የመሣሪያው ጫፍ እንደ ሰው አንጓ ይታጠፋል፤ የላፓራስኮፒው እንደ ቀጥ ያለ ሹካ ነው። ምስሉ ጥልቀት አለው። የእጅ መንቀጥቀጥ ይጣራል። ሆድ ውስጥ እንዳሉ አንጀትን ከአንጀት መስፋት ይቀላል።

ይሻላል ወይ የሚለው ግን አንጀቱ የት ጋ ነው በሚለው ይወሰናል። በደቡብ ኮሪያ ቀኝ በኩል ያለው አንጀታቸው የሚወጣላቸው 70 ታካሚዎች በሁለቱ ዘዴዎች ተነጻጽረው ነበር፤ ውጤቱ በ2012 ታተመ። ሮቦቱ 195 ደቂቃ፣ ላፓራስኮፒው 130 ደቂቃ ፈጀ። የሆስፒታል ቆይታው ያው ነው። ወጪው ግን የሮቦቱ በለጠ።

ሬክተም የሚባለው፣ ወደ ፊንጢጣ የሚያደርሰው የመጨረሻ ክፍል ሌላ ታሪክ አለው። ዳሌ ውስጥ ነው፤ ጠባብ ቦታ ነው፤ በተለይ ወፈር ያለ ወንድ ላይ። እዚያ ሮቦት ይበልጥ ይጠቅማል የሚል ግምት ነበር። በ2017 የወጣው 471 ሰው የተሳተፈበት ጥናት ሮቦቱ ግልጽ ብልጫ እንዳለው አላሳየም። ኋላ ግን ከቻይና 11 ሆስፒታሎች የመጣው ትልቅ ጥናት ለመካከለኛውና ለታችኛው ሬክተም በ3 ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው አካባቢ የተመለሰባቸው በሮቦት 1.6፣ በላፓራስኮፒ 4.0 በመቶ መሆኑን አሳየ። ስለዚህ ሬክተም ከሆነ ስለ ሮቦት መጠየቅ ተገቢ ነው።

ለትልቁ አንጀት ግን የእኔ ሐሳብ ይኸው፦ በላፓራስኮፒ የሠለጠነ ሰርጅን ይዞ "ሮቦት የለውም" ብሎ ሌላ ከተማ መሄድ ትርፉ ድካም ነው።

በካሜራ ጀምረው መሃል ላይ ሆዴን ቢከፍቱስ? ተበላሸ ማለት ነው?

አይደለም። ሰርጅኑ ልብ ገዛ ማለት ነው። ደም አልቆም ሲል፣ የድሮ ኦፕራሲዮን ውስጡን አጣብቆት ሲገኝ፣ ዕጢው ጎረቤት አካል ላይ ተለጥፎ ሲታይ ይከፈታል። ከላይ በጠቀስኩት የ2004 ጥናት ከ5 ሰው አንዱ ላይ ደርሷል። እንግሊዝ ውስጥ በተደረገ ሌላ ጥናት ደግሞ በመጀመሪያው ዓመት 38 በመቶ የነበረው፣ በ6ኛው ዓመት ወደ 16 በመቶ ወርዷል። ማሽኑ አልተለወጠም፤ የሰርጅኖቹ እጅ ነው የተፈታው።

ፊርማ ሲያስፈርሙ "አስፈላጊ ከሆነ ሊከፈት ይችላል" የሚል አለበት። እሱን መስመር ስተረጉም ሁሌም ዝምታ ይወርዳል። ከመግባታችሁ በፊት ለቤተሰብ ንገሩ። ውጭ የሚጠብቀው ልጅ ሰዓቱ ሲረዝምበት ክፉ ክፉውን ነው የሚያስበው።

አንጀቴን ይነቅሱታል አሉኝ። ምን ማለት ነው?

ይህን የጠየቁኝ ድዳቸው ንቅሳት ያለበት የጎንደር እናት ናቸው። "ድዴን በልጅነቴ ተነቀስኩ፤ አሁን በስተርጅና ደግሞ አንጀቴን?" ብለው ክፍሉን አሳቁት።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሆድ ሲከፈት ሰርጅኑ አንጀቱን እየዳሰሰ ዕጢውን ያገኘዋል። በካሜራ ግን እጁ አይገባም። ትንሽ ዕጢ፣ ወይም በኮሎኖስኮፒ (በፊንጢጣ በኩል በሚገባ ካሜራ) ተቆርጦ የወጣ ፖሊፕ (አንጀት ውስጥ የሚበቅል ትንሽ ሥጋ) የነበረበት ቦታ ከውጭ አይታይም። ትልቁ አንጀት ደግሞ አንድ ሜትር ተኩል ያህል ይረዝማል። ስለዚህ ኮሎኖስኮፒ የሚያደርገው ሐኪም ቦታው አጠገብ ጥቁር ቀለም ይወጋል። በኦፕራሲዮኑ ቀን ካሜራው ሲገባ ጥቁሩ ነቁጥ ከሩቅ ይታያል። ኮሎኖስኮፒውን ሌላ ቦታ አሠርታችሁ ከመጣችሁ "ምልክት ተደርጎበታል?" ብላችሁ ጠይቁ።

በካሜራ የማይሆንላቸው እነማን ናቸው?

አንጀታቸው ተዘግቶ ሆዳቸው ተነፍቶ በድንገተኛ የመጡ፣ አንጀታቸው የተበሳ፣ ዕጢው በጣም ትልቅ ሆኖ ሌላ አካል ውስጥ የገባባቸው፣ ብዙ ጊዜ የተከፈቱ ሰዎች በአብዛኛው ሆድ ተከፍቶ ይሠራላቸዋል። ከባድ የልብ ወይም የሳንባ ችግር ያለበት ሰው በጋዝ መነፋቱን ላይችለው ይችላል። ዕድሜ ብቻውን አይከለክልም። ውፍረትም ያከብደዋል እንጂ አይከለክልም።

ኢትዮጵያ ውስጥ ላሠራ ወይስ ውጭ ልውጣ?

በስልክ የሚጠይቁኝ ዘመዶች አሉ። የሐሞት ጠጠር በካሜራ ማውጣት አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬ ብዙ ሰው ያውቀዋል። የትልቁ አንጀት ካንሰር ግን ከሐሞት ከረጢት በጣም ይከብዳል። በዚያ የሠለጠነ ሰርጅን ይፈልጋል። አንጀት የሚቆርጠውና የሚያጋጥመው፣ አንድ ጊዜ ተጠቅመው የሚጥሉት ስቴፕለር በውጭ ምንዛሬ የሚመጣ ዕቃ ነው።

ስለዚህ አገር ቤት ያለ ታካሚ ሆድህ ተከፍቶ ነው የሚሠራልህ ቢባል ተስፋ አይቁረጥ። በደንብ የተሠራ ክፍት ኦፕራሲዮን ሁለተኛ ደረጃ ሕክምና አይደለም፤ ቁጥሩን ከላይ አይታችሁታል። ከካሜራው በፊት የሚጠየቀው ሌላ ነው። ሲቲ ስካን ተነሥቷል? ፓቶሎጂው ስንት ንፍፊት ይቆጥራል? ኬሞ ካስፈለገ ቀጠሮው መቼ ይደርሳል?

ሕንድ፣ ታይላንድ ወይም ቱርክ ለመሄድ የቆረጠ ሰውም ሲመለስ ወረቀቱን ይዞ ይምጣ። የኦፕራሲዮኑ ጽሑፍ፣ የፓቶሎጂ ውጤት፣ ቢቻል የናሙናው ብሎክ (በሰም ተደርጎ የተቀመጠው ቁራጭ)። ኬሞ ከታዘዘ ከ3 እስከ 6 ወር ይወስዳል፤ ለዚያ ሁሉ ጊዜ ሆቴል አይዘልቅም። ለጠባሳው ብላችሁ ለኬሞ የሚሆነውን ገንዘብ አትጨርሱ።

ከረጢት ይደረግልኛል?

ከረጢት የሚባለው አንጀት በሆድ ላይ ወጥቶ ሰገራ የሚጠራቀምበት ነው። የትልቁ አንጀት ካንሰር ሆኖ በቀጠሮ ከተሠራ ብዙ ጊዜ አይደረግም፤ ሁለቱ ጫፎች እዚያው ይጋጠማሉ። በድንገተኛ ከሆነ ወይም ዕጢው ሬክተም ላይ ከሆነ ሊደረግ ይችላል፤ ብዙ ጊዜም ለጊዜው ነው። በካሜራ ወይም በሮቦት መሆኑ ከከረጢት አያድንም።

ሆዴን ተሠርቼ ትከሻዬን ለምን ያመኛል?

ከጋዙ ነው። የተረፈው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ሆድን ከደረት የሚለየውን ጡንቻ ይቆጠቁጠዋል፤ የዚያ ጡንቻ ነርቭ ሕመሙን ትከሻ ላይ ያስመስለዋል። በጥቂት ቀን ይለቃል። መራመድ ይረዳል። ደረትን የሚጨምቅ ሕመም ወይም የትንፋሽ ማጠር ከሆነ ግን "ጋዝ ነው" ብሎ ዝም ማለት አይገባም።

"አየር አወጡ?" እያሉ ለምን ያሳፍሩናል?

አንዲት እናት ነርሷ ይህን ስትጠይቃቸው ነጠላቸውን ፊታቸው ላይ ሳቡ። "ኧረ በስመአብ! እኔ እንዲህ ያለ ነገር አላደርግም።" ነርሷ "አላወጡም" ብላ ጻፈች። በማግስቱም እንዲሁ። በሦስተኛው ቀን ሐኪሞቹ አንጀታቸው አልነቃም ብለው ሊጨነቁ ሲሉ ልጃቸው ሥቃ "ሌሊቱን ሙሉ ስታወጣ ነው ያደረችው" አለች።

ማፈር አያስፈልግም። ከማደንዘዣና ከመነካካቱ በኋላ አንጀት ይተኛል። መንቃቱ የሚታወቀው በዚህ ነው። ዴንማርካዊው ሰርጅን ሄንሪክ ኬህሌት በ1990ዎቹ ካስጀመሩት አሠራር ወዲህ ታካሚ በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ከአልጋ ይነሳል፣ ፈሳሽ ይቀምሳል፣ ማስቲካ እንኳ ያኝካል። አልጋ ላይ ተንጋሎ መታመም የእኛ ባህል ነው፤ ዘመድም "ተኚ፣ አትነሺ" ይላል። እባካችሁ አስነሷቸው።

ጠበል ልጠጣ? እንጀራስ መቼ ልብላ?

ጠበል መጠጣት የሚፈልግ ሰው አይደብቅ። አንዲት ሴት ጠዋት ጠጥተው መጥተው "ምንም አልቀመስኩም" አሉ። ንጹሕ ውሃ ማደንዘዣ ከመሰጠቱ 2 ሰዓት በፊት ድረስ በብዙ ቦታ ይፈቀዳል። ችግሩ ጠበሉ ሳይሆን ሰዓቱን መደበቁ ነው፤ የማደንዘዣ ሐኪሙ ሆድ ባዶ መሆኑን ማወቅ አለበት።

እንጀራን በተመለከተ፣ መጀመሪያ ለስላሳ ነገር ነው የሚታዘዘው። ሾርባ፣ አጥሚት፣ የተፈጨ ድንች፣ እንቁላል። ቆሎ፣ ጥሬ ጎመን፣ ሽንብራ ትንሽ ይቆዩ። እንጀራ በትንሽ በትንሹ፣ ሐኪሙ ሲፈቅድ። በርበሬውን ቀስ። ክትፎ ጥሬውን አይሞከርም፤ በተለይ ኬሞ ካለ።

ሰርጅኑን ምን ልጠይቀው?

አበሻ ሐኪም መጠየቅ ይከብደዋል። "እሱ ያውቃል" ብሎ ይፈርማል። ግን አንድ ጥያቄ ብቻ ብትጠይቁ ይህችን ጠይቁ፦ "ይህን ኦፕራሲዮን፣ በዚህ ዘዴ፣ በዓመት ስንት ጊዜ ትሠራለህ?" ነውር የለበትም። በ2004ቱ ጥናት የተሳተፈ ሰርጅን ሁሉ ቢያንስ 20 በካሜራ የተሠራ የአንጀት ኦፕራሲዮን አስመዝግቦ፣ ቪዲዮውን አሳይቶ ነው የገባው። እነሱ እርስ በርሳቸው ከተጠያየቁ እኛ ለምን እናፍራለን? ጊዜ ካለ ከስንቱ ስንቱን ሆድ ከፍቶ እንደጨረሰም ጠይቁት። እስካሁን ሲቆጣ ያየሁት ሰርጅን የለም።

ቤት ከገባሁ በኋላ መቼ ነው የምደውለው?

ትኩሳት፣ እየባሰ የሚሄድ የሆድ ሕመም፣ የሆድ መነፋት፣ ማስመለስ፣ የልብ ምት መፍጠን። እነዚህ የተጋጠመው ቦታ ማፍሰሱን ሊናገሩ ይችላሉ። ብዙ ጊዜ የሚታየው ከ3ኛው እስከ 7ኛው ቀን ባለው ነው። ቶሎ ከሆስፒታል መውጣት ደስ ይላል፤ ግን ያ ቀን ቤት ውስጥ ይመጣል ማለት ነው። የአንድ እግር ባት ማበጥና የትንፋሽ ማጠርም የደም መርጋት ሊሆን ስለሚችል አያሳድርም።

አሜሪካ ላሉ አንድ ነገር ልጨምር። እንግሊዝኛ አልችልም ብላችሁ ልጅ ከሥራ እስኪመጣ አትጠብቁ። ለሆስፒታሉ ደውሉና "አማሪክ" በሉ። መስመሩ ላይ ቆዩ፤ ሙዚቃ ይሰማል፣ ትንሽ ይቆያል፤ አትዝጉት። አስተርጓሚው በነጻ ነው። ሌሊት 9 ሰዓት ላይም ይነሳል።